በጓሯችን የተቀበረው ቅጠል

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያስጠላል። ደህና አይደለሁም። ቀንቻለሁ። ይኸው ተናገርኩት፣ ተገላገልኩ። ለአንድ ወር የመስክ ሥራ የሄድሽበት ሐይቅ ዳር ያለው የጥናት ጣቢያችሁ ስልክ የማይሠራበት መሆኑ አንድ ጥቅም አለው፤ መሃል ላይ ገብተሽ "ደግሞ ጀመረህ!" አትይኝም። እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

መጀመሪያ የቀናሁት በትምህርቱ ነው። እርግጥ ኮርቼብሻለሁ፤ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሁሉ፣ የእግሩን ርዝመት እየለካሁ፣ "ሚስቴ የአካባቢ አያያዝና ሥነ ምህዳር ነው የምታጠናው" እያልኩ ደንበኞቼን አሰልችቻለሁ። አንዱማ "እሱን ባለፈው ነግረኸኛል፣ ይልቅ ቁልፉን ትከልልኝ" ብሎኛል። ግን ኩራቱ ሱቅ ውስጥ ነው። ካንቺ ጋር መንገድ ስንወጣ ሌላ ነው። ድሮ አብረን ስንሄድ የሰው ልብስ እያየን እናማ ነበር፤ የዚህኛው ኮሌታ ጠመመ፣ የዚያችኛዋ ጉርድ ተንሻፈፈ እያልን። አሁን ዓይንሽ መሬት ላይ ነው። ቦይ ካየሽ ትቆሚያለሽ፣ ድንጋይ ገልብጠሽ ሥሩን ታያለሽ፣ ከዚያ ብቻሽን ፈገግ ትያለሽ። "ምን አየሽ?" ስልሽ፣ "ተወው፣ ብዙ ነው" ትይኛለሽ። ቆሽቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። ምን ያህል ቢበዛ ነው ለኔ የማይነገረው?

ከዚያ ሽመሉ መጣ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ መጥራት ግን አልፈልግም። ያ የክፍልሽ ልጅ፣ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባው። የመመረቂያ ጥናታችሁን ለሁለት ስትሠሩ ቅጠል የምትቀብሩበት ቦታ ጠፍቶ የኛ ጓሮ ተመረጠ። ቅጠሉ ተመዝኖ በወንፊት ከረጢት ይቀበራል፣ በየጊዜው እየወጣ እንደገና ይመዘናል፣ የቀለለውን ያህል አፈር ሆኗል ማለት ነው ብለሽ ስታስረጂኝ ገብቶኛል። ያልገባኝ ከረጢቱን የምሰፋው ለምን እኔ እንደሆንኩ ነው። ሰፋሁት እንጂ! ከአጎበር እየቆረጥኩ፣ ዙሪያውን ሁለት ሁለት ጊዜ በስፌት መኪናዬ እየመላለስኩ። ሚስቴ ከሌላ ወንድ ጋር ተንበርክካ ጉድጓድ እንድትቆፍር ያበቃኋት እኔው ነኝ። እህትሽ መስኮት ላይ ተለጥፌ ሳያችሁ አግኝታኝ በሳቅ ልትሞት ነበር፤ "ሰው በሰው ሲቀና አይቻለሁ፤ በቅጠል የሚቀና ግን አንተን አየሁ" አለችኝ። ይሳቅ። የሚቃጠለው የኔ አንጀት ነው።

እንግዲህ ወሬው እዚህ ላይ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ሽመሉ መጣ። አንቺ በሌለሽበት የዚህን ወር ከረጢቶች የሚያወጣው እሱ መሆኑን ነግረሽኛል። ቢሆንም በሩን ስከፍትለት ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?" አለኝ።

ጋሼ! አንቺን ግን "እሷ" ነው የሚልሽ። "እሷ እንዲህ ብላ ነበር፣ እሷ እዚህ ጋ ቆፍር ብላኛለች።" እኔና አንቺ እኩያሞች አይደለንም እንዴ? መቼ ነው ትተሽኝ ወደ ልጅነት የተመለስሽው?

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ዘበኛ ስጠብቀው ነበር። በአካፋ አይደለም የሚቆፍረው፤ በእጁ ነው፣ ቀስ ብሎ። አፈሩን ከከረጢቱ ላይ በቀለም ብሩሽ ጠረገና ጠራኝ።

"ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ ይዩ።"

"ምኑን ነው የማየው?"

"የባሕር ዛፉ ይኸው፣ እንደተቀበረ ነው ማለት ይቻላል። የፓፓያው ግን አልቋል፤ ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። ስፌትዎ ደግሞ አንድም ቦታ አልተተረተረም። የሌሎቹ ልጆች ከረጢት ተቀዶ ልፋታቸው ገደል ገብቷል።"

ፊቴ ፈካ ብልሽ ታምኛለሽ? የተናደድኩትም በዚሁ ነው። ስንት ወር ሙሉ ጠምጄ የያዝኩት ሰው በአንድ ምስጋና ገዛኝ፤ ሳላስበው ሻይ አፍልቼ አቀረብኩለት። ጠጥቶ ጨረሰና ሚዛኑን ወደ ቦርሳው እየከተተ፣ "እሷ ሐሳቧን ብትቀይር ጥሩ ነበር" አለ።

"የምን ሐሳብ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ደነገጠ። "አልነገረችዎትም እንዴ?"

አልነገርሽኝም። ጣቢያው ከክፍላችሁ አንድ ሰው ብቻ ሊወስድ እንደፈለገ፣ ያቺ አንድ ሰው አንቺ እንደሆንሽ፣ ሁለት ዓመት እዚያው ደሞዝ እየተከፈለሽ ሁለተኛ ዲግሪሽን እንድትሠሪ እንደጠየቁሽ፣ አንቺም "አልችልም" እንዳልሽ፣ ሁሉንም የሰማሁት ከሱ አፍ ነው። በገዛ በረንዳዬ፣ በገዛ ብርጭቆዬ ሻይ ከጠጣ ሰው።

"ለምን አልችልም አለች?" አልኩት።

"እሱን እንኳ እሷ ብትነግርዎ..."

"ተናገር አልኩህ!"

"ከሄድኩ በቤቴ ሰላም አይኖርም ነው ያለችው።"

ባዶውን ብርጭቆ አነሳሁ። "እሷ ካልገባች ማን ነው የሚገባው?" አልኩት።

የቦርሳውን ዚፕ ዘጋ። ከዚያ፣ "ተጠባባቂው እኔ ነኝ" አለኝ።

"ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ? ዝም ብትል አይሻልህም?"

"ዝም ልል ነበር፣ ጋሼ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ስትመረጥ በጣም ነው የቀናሁት፤ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም። ግን ቦታው የሷ ነው። እኔ ቅጠል እመዝናለሁ፤ ለምን እንደቀለለ የምታውቀው እሷ ናት።"

ሄደ። እኔ ባዶ ብርጭቆ ይዤ ቀረሁ።

አሁን ስሚኝ። ሐይቁ ውስጥ አብራችሁ ስትዋኙ ባያችሁ ይሄን ያህል አልቃጠልም ነበር። በሕይወትሽ ትልቁ ነገር መጥቶልሽ፣ ደስታውንም ሐዘኑንም ያዋየሽው ለሱ ነው። እኔ ያን ቀን ምን ጠየቅሁሽ? "ለምን አመሸሽ?" ነው ያልኩሽ መቼም፤ ሌላ ምን አውቃለሁ። አንቺም "ታክሲ ጠፍቶ" ብለሽ እራት አቀረብሽ ይሆናል። እዚያ ወንበር ላይ ሆነሽ አፍሽን ሞልቶት የዋጥሽውን ነገር ሳስበው ሆዴ ይባባል። ደግሞ ወዲያው እናደዳለሁ። እንዴት ለሱ! እንዴት ለሱ!

እሺ በያቸው። የመጨረሻው መልስ የሚሰጠው እስከ ዓርብ ነው አለኝ፤ ከዓርብ በፊት እሺ በያቸው። አልቀናም ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ የማልጠብቀውን ቃል ምን አደርገዋለሁ? እቀናለሁ። ውሃው ውስጥ ባለው ትል ሳይቀር እቀናለሁ። ግን ቅናቴ የኔ ነው፤ እኔው እችለዋለሁ፤ አንቺ በትምህርትሽ እየከፈልሽ አትሸከሚልኝ። በየበዓሉ ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ በዓይኔ አያለሁ፤ ይሄን አትከልክይኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፦ ከእንግዲህ ደስ ያለሽንም የከፋሽንም መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ። ሁለተኛ ሰሚ መሆን አልፈልግም።

ፖስታው እስከ ዓርብ እንደማይደርስ ጠይቄ ተረዳሁ። ነገ ጠዋት ወዳንቺ የሚመጣ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የመዘነውን ይዞልሽ የሚመጣው ሽመሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሱው ልሰጠው ነው፤ በውስጡ ያለውን ነግሬዋለሁ። ውሃ ውስጥ ቢጥለው ማንም አያይበትም፤ ቦታውም የሱ ይሆናል። እኔ ብሆን ኖሮ እንጃ።

ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ ሰውየው ከኔ ይሻላል ማለት ነው። ይሄን ግን እንዳትነግሪው።

ቀናተኛው ባልሽ