መርዶህን ለእናትህ ነገርናቸው

ይድረስ ለታከለ፣ ለልጄ አባት፤ ካለህበት ሰላሜ ይድረስህ።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ እንዳይመስልህ። ደክሞኝ ነው። ሲደክመኝ ዝም እንደምል ታውቃለህ። ዛሬ ከአፉላ፣ ከእናትህ ቤት ገና መግባቴ ነው፤ ሻንጣዬ በሩ ላይ እንዳለ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ የምነግርህ ነገር አለኝና። ታከለ፣ መሞትህን ለእናትህ ነገርናቸው።

አዎ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አያውቁም ነበር። ብትቆጣ አልፈርድብህም፤ ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ስማኝ። ያን ቀን ጠዋት ልብህ ቀጥ ስትል፣ እናትህ እዚያ አፉላ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እህትህ አበበች ከአጠገባቸው አትጠፋም። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና "አሁን ብንነግራቸው ሁለት ሬሳ ነው የምንቀብረው" አሉ። እውነታቸውን ነበር። በእኛ ወግ መርዶ ጊዜ ይመረጥለታል፤ ለታመመ ሰው አይነገርም። ሲድኑ ይነገራቸዋል ተባለ። ዳኑ፤ ግን ገና አልጠነከሩም ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል መርዶ ደግ አይደለም ተባለ። ከዚያ ሙቀቱ በረታ። እንዲህ ዛሬ ነገ ስንል ነገሩ ከእጃችን ወጣ።

ጣጣው የወደቀው እኔ ላይ ነው። አርብ አርብ ሰንበት ሳይገባ ይደውሉልህ የለ? መደወላቸውን አልተዉም፤ የማነሳው ግን እኔ ሆንኩ። "ታከለስ?" ይሉኛል። "ሥራ ሄዷል" እላቸዋለሁ።

ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ይህች ውሸት አንድ ወርም አትሻገርም ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው አርብ ከሰዓት ምን ሥራ አለው? ያንተን ግን ማንም ያምናል። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ስታነጥፍ ኖረህ፣ ጡረታ ወጥተህስ መቼ ቁጭ አልክ? የሰፈራችን የክርያት ሞሼ ሰው ሴራሚክ በተነቀለበት ቁጥር በራችንን ያንኳኳ ነበር። "እስቲ እግሬን ላፍታታ" ብለህ ትወጣና ፀጉርህ ሲሚንቶ ለብሶ ትመለሳለህ። እኔ ደግሞ እንደማላውቅ! ስለዚህ እናትህ "አሁንም አያርፍም?" ይሉና ይተዉኛል።

"ታዲያ ለምን መጥቶ አያየኝም?" ማለት ሲጀምሩ ጉልበቱን አሞታል አልኳቸው። ስትንበረከክ የኖርክ ሰው ነህና አልተጠራጠሩም። ግን መች ዝም ብለው ይቀመጣሉ! በመጣ በሄደው ዘመድ እጅ ለጉልበትህ ቅባት ይልኩልህ ጀመር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ምን ላድርገው? እኔም ክርያት ቫይዝማን የቢሮ ወለል ስወለውል ውዬ ስገባ ጉልበቴ ይነዝረኛል፤ ራሴ ተቀባሁት። "ተሻለው ወይ?" ሲሉኝ "በጣም ተሽሎታል" እላለሁ። አንተ ብትሰማ እንባህ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

በበዓላችን በስግድ ቀን ግን እኔም አልሳቅኩም። "ኢየሩሳሌም ወጣ ወይ? ምን ለበሰ?" ብለው ጠየቁኝ። ነጠላውን ለብሶ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆሞ ጸለየ፣ ስለ እርስዎም ለመነ አልኳቸው። እየነገርኳቸው ራሴም ያየሁህ መሰለኝ። ሴት ባሏን ቀብራ፣ አልቅሳ ይወጣላታል። እኔ በየሳምንቱ አንተን ከመቃብር አስነስቼ ሥራ እሰድህና ሰንበት ሲገባ መልሼ እቀብርሃለሁ። ላልቅስ ብል ደግሞ ድምፄ ቢሻክር ይጠረጥራሉ ብዬ እፈራለሁ። እንዲህ ነው የከረምኩት።

ቤታችን ያው ነው። የሕንፃው መግቢያ ላይ ካነጠፍካቸው ሴራሚኮች አንዷ ተሰንጥቃለች፤ ሰው ሁሉ "ታከለ ቢኖር" ይልና ረግጧት ያልፋል። የመሣሪያ ቦርሳህ በረንዳው ላይ አለ። ውሃ ልክህን ልጃችን ዳንኤል ወሰደው። በእሱ ለክቶ መደርደሪያ ሰቀለ፤ ዘሟል። አልነገርኩትም፤ ያንተን ዕቃ በእጁ ይዞ ደስ ብሎት ነበር።

ይኸው ልጅ ትንሽ ሳለ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ተጠርተን የሄድነው ትዝ ይልሃል? ከሥራ በቀጥታ መጥተህ፣ ሱሪዬ ወንበራቸውን ያቆሽሻል ብለህ እስኪያልቅ ድረስ ቆመህ ቀረህ። ዕብራይስጡን እንዳያመልጥህ ፊትህን ቋጥረህ ስታዳምጥ መምህሯ የተቆጣህ መስሏት ትንተባተብ ጀመር። ስንወጣ "ጎበዝ ነው አለች አይደል?" አልከኝ። አዎ አልኩህ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ግማሹ አልገባኝም ነበር። ወታደር ሆኖ ቃለ መሐላ ሲገባ ደግሞ ኢየሩሳሌም ወሰዱን፤ ሰው ሁሉ የመቅደሱን ግንብ ሲያይ አንተ አቀርቅረህ የአደባባዩን ድንጋይ አነጣጠፍ ትመረምራለህ። አፈርኩብህ። አሁን እኔም ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ምን ዓይነት ነገር ነው ያስለመድከኝ!

ተዝካርህ ሲቃረብ መሸሸጊያ አጣን። እናት በሌሉበት የልጅ ተዝካር እንዴት ይወጣል? ዳንኤል መጥቶ "ኢማ፣ ይበቃል፤ አንቺም ልታልቂ ነው" አለኝ። እኔ አልችልም ስለው "ቤሰደር፣ እሺ በቃ፣ ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራለሁ" ብሎ ሄደ።

ገና ሳይነጋ ተነስተን አፉላ ደረስን። ሽማግሌዎቹም ቄሱም ቀድመውናል። እናትህ ከመኝታቸው ወጥተው ቤቱ በሰው መሙላቱን ሲያዩ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት "ማነው?" አሉ። ስምህን ሰሙ። ጩኸታቸውን አልጽፍልህም። በኋላ "መቼ?" ብለው ጠየቁ። ዓመት ሊሆነው ነው ሲባሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ሌላም ጣጣ አለ። ዳንኤል አስቀድሞ አንድ ረቢ ጠይቆ ኖሯል። እዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሰው የልጁን ሞት ከወር በኋላ ከሰማ ለሐዘን ሰባት ቀን አይቀመጥም። ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ አበቃ። እኛ ስንሸሽግ ይህን ማን አወቀ! ጊዜ የሰጠናቸው መስሎን ለቅሷቸውን ወስደንባቸው ኖሯል። ልጁ እየተንተባተበ ሲነግራቸው ቀና ብለው አዩት።

"ለታከለ አንድ ሰዓት? ለእናንተ ዓመቱ ነው። ለእኔ ገና ዛሬ ነው የሞተው።"

ዳንኤል መሬት መሬቱን አየ። ቄሱ "ይቀመጡ" አሉ።

ሰባቱን ቀን ተቀመጡ። ሰው መምጣቱንስ መጣ፤ ግን አልቅሶልህ የጨረሰ ሰው ነው። ትንሽ አንገቱን ይደፋና ስለ መንገዱ መዘጋጋት፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። አበበች እንኳ ዓይኗ ደርቆ ሻይ ታቀርባለች። እናትህ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ብቻቸውን ያለቅሳሉ፤ የሚያግዛቸው የለም። አየኋቸው፤ አላስችል አለኝ። ሌላው ቢጨርስ እኔ መች ጀመርኩ? አለቃዬ ጋ ደውዬ አልመጣም አልኩና ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ የሆነውን እኔም በደንብ አላስታውሰውም። ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። ሁለታችን ተቃቅፈን ስንጮህ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ አበበችም ፈነዳች።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ድምፃቸው ተዘግቶ "ያን ቅባት ማን ተቀባው?" አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ቀሚሴን ገለጥ አድርገው ጉልበቴን ዳበሱኝ።

ዛሬ ልሰናበታቸው ስነሳ እጄን ያዙና "ዓመት ሙሉ ብቻሽን ተሸክመሽ አቆየሽው። በይ አሁን አውርጂው፤ እኔም እናቱ ነኝ" አሉኝ። መኪናው ውስጥ ዳንኤል ሬዲዮውን ሊከፍት ሲል እጁን ይዤ ከለከልኩት።

ለተዝካርህ እሳቸውም ይመጣሉ፤ አልጋዬን ለቅቄላቸው እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ያንተን ነገር ሲጠይቁኝ ከእንግዲህ የምደብቀው የለም። ስንት ቤት እንዳነጠፍክ፣ ለምን ቆመህ እንደቀረህ፣ እንዴት እንደምትስቅ፣ የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም እስክሞት ድረስ እነግረዋለሁ። ሥራ ሄዷል ግን አልልም። ታከለዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የትም አልልክህም፤ ዕረፍ። እኔም ትንሽ ልተኛ።

ባለቤትህ ወርቄ