ምንተዳዬ ያልክበት ድንጋይ

ውድ ቢራራ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ስለተባልኩ ነው እንጂ ወድጄህ አይደለም። ሰው አስጽፎ ነው ብለህም አትጠርጥር፤ የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ፣ ያውም አንደኛ ወጥቼ! የተፈተንነው እኔና ሦስት ባልቴቶች ነን፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ያን ቀን ማሽላዬን ጭነህልኝ ሊማሊሞን ስንወጣ መኪናህ ፈልቶ መታጠፊያው ላይ መቆማችንን መቼም አትረሳም። ለሁለት ተጋግዘን ያን ጥቁር ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር አስገባን። ውሃ ጨምረህ ሞተሩን ስታስነሳ፣ «ቢራራ፣ ድንጋዩ መንገድ ላይ ቀረ እኮ!» አልኩህ።

«ምንተዳዬ! ከኋላ የሚመጣው ዓይን የለውም?»

«ኧረ ቁም፣ ወርጄ ላንሳው!» ብልህ ሬዲዮውን ከፍ አድርገህ ነዳኸው። ከኋላችን የሚመጣው ሚስቴን ይመኙሻልን የጫነው አውቶቡስ መሆኑን ታውቅ ነበር። ጓዟን ተቀብለህ ያሳፈርካት አንተው ነህ!

ጉም ወረደ። የአውቶቡሱ ሾፌር ድንጋዩን ያየው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው፤ ገደሉን ሲሸሽ ከተራራው ጋር ተላተመ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የይመኙሻል እግር ግን ተሰበረ፤ ወጌሻ ቢያስርላትም ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ደባርቅ ገበያ አግኝቼህ ስነግርህ ምን አልክ? «ግድ የለም፣ ይድናል።» ለማን ነው ግድ የሌለው? እግሩ ያንተ ነው?

ንዴቱ ቢያንገበግበኝ መምህርት ሊያን፣ «ይሄ ምንተዳዬ የሚሉት ከየት መጣ?» አልኳት። ሰሌዳው ላይ ለሁለት ከፈለችው። «ምንት» በግዕዝ ምን ማለት ነው፤ «ዕዳዬ» ያው ዕዳዬ ነው። «ምን ዕዳ አለብኝ ማለት ነው» አለች። እማማ አበባ ከኋላ ወንበር፣ «ታዲያ እንዲህ የሚለውን ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ብለው ክፍሉን አሳቁት። ቀልድ በእኔ በሚጀመርበት ክፍል ያን ቀን እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

አሁን ሽማግሌ ልከህ፣ «እሑድ ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ላይ እወድቃለሁ» ብለሃል አሉ። ይመኙሻል እሺ ብላለች፤ እሷ ካንተም ከእኔም ትሻላለች። ግን ከደጃችን ጠጠር አንስተህ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ እንዳትገባ! ያ ጥቁር ድንጋይ መታጠፊያው ዳር አለ። እኔው ነኝ አንከባልዬ ከመንገዱ ያወጣሁት። በነጭ ቀለምም «የቢራራ ዕዳ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ፊደሉ ያምራል፤ ሾፌሩ ሁሉ እየቆመ ያነበዋል።

እሱን ተሸክመህ ና። ብቻህን እንደማይነሳልህ አውቃለሁ። ጥራኝ፤ እየተራገምኩህም ቢሆን በአንድ በኩል እይዝልሃለሁ።

ያርጋል፣ የይመኙሻል ባል