ውሃው የቆመበት እሁድ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

መረብ ስጠግን ዋልኩ። የሽሪምፕ ማጥመጃው ወቅት እስኪከፈት ሌላ ሥራ የለም። ከማዶ የጋዝ ፋብሪካው ማቃጠያ ነበልባል በቀንም አይጠፋ። የትናንቱን የጋምቦ ሾርባ አሙቄ በላሁ።

ኦቪድ መጣ። የሟቹ ባሌ የአልሲድ ወንድም። የጋዝ ኩባንያውን ኮፍያ አድርጎ። ግባ አላልኩትም።

«እህት ዓለም፣ ዘንድሮ ወቅቱ ሳይከፈት በሚደረገው ቡራኬ የጀልባዎቹን ሰልፍ አንቺ ምሪ። ቄሱ ካንቺ ጋር ጀልባሽ ላይ ይሁኑ። እኔም።»

«አንተም?»

«የመጀመሪያው የጋዝ መርከብ የሚወጣው በዚያው ቀን ነው። ዓሣ አጥማጁና ጋዙ ጎን ለጎን... ካሜራ ይኖራል።»

አስብበታለሁ አልኩት። ምኑን ነው የማስበው?

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

እንቅልፍ የለም።

የአባታቸው የጀልባ ማራገፊያ በኦቪድ ስም ነበር። ለኩባንያው ሸጠው፤ ለወንድሙ አልነገረውም። አልሲድ ማዕበል ሲይዘው እንደ ልማዱ ወደዚያ ሮጠ። መግቢያው ላይ የኩባንያው ሰንሰለት ተወጥሯል። ሊፈታው ሲያጎነብስ ውሃው ወሰደው። ዓሣ አጥማጁ ኑማ ከራሱ ጀልባ ሆኖ አይቷል። ጀልባችን ተረፈች።

ሬሳ ሳጥኑን ኦቪድም ተሸከመ። እጁን ነበር የማየው።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ ጋዙን አቀዝቅዘው ፈሳሽ ያደርጉታል። ባሕር ማዶ ሊልኩት።

እሁድ፣ ጁላይ 27

ከቅዳሴ በኋላ ኦቪድ አዳራሹ ውስጥ ያስረዳል። «ጋዝ ድልድይ ነው። ከሰል የሚያነዱ አገሮች ከሰሉን በኛ ጋዝ ይተኩታል። ቀስ ብሎ ፀሐይና ነፋስ ይመጣል።»

ኑማ አፉ ኬክ እንደ ሞላ፣ «ድልድይ ከሆነ የሃያ ዓመት ውል ምን አመጣው? ሰው ድልድይ ላይ ቤት ይሠራል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ኦቪድም አብሮ።

ምናልባት እውነቱን ይሆናል። የሆነ አገር የአንድ ሕፃን ሳል ይቀልለት ይሆናል... ታዲያ በአልሲድ ላይ ተረማምዶ?

ሄጄ «እሺ፣ እመራለሁ» አልኩት። ጨበጠኝ። እጁ ለስልሷል።

ዓርብ፣ ኦገስት 1

ልማዱን ሁሉም ያውቃል። ሰው በሰጠመበት ቦታ መሪዋ ጀልባ ትቆማለች፣ ሁሉም ሞተር ያጠፋል፣ የአበባ ጉንጉን ይጣላል። ጉንጉኑን ውሃው ወስዶ ከዓይን እስኪሰውረው ሞተር አይነሳም። ስልክ እንኳ አይነሣም።

አልሲድ የሰጠመበት ቦታ የጋዝ መርከቡ የሚወጣበት በር ላይ ነው።

መቼ እንደምንደርስ የምወስነው እኔ። ውሃው ከመሙላት ወደ መጉደል ሲዞር ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ያኔ ጉንጉን የትም አይሄድ።

መርከቡን ማስቆሙ ለኔ ምንም አይደለም። ኦቪድን ነው የምፈልገው። አለቆቹ ይደውሉለታል። ትዕግሥት የለውም፣ ኖሮትም አያውቅ። የጀልባዋ ቁልፍ ሞተሩ ላይ ነው፤ እዚህ ማንም ቁልፍ አይነቅልም።

ቁልፉን ይነካው ይሆን?

ይነካዋል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ጉንጉኑን ሠራሁ። ነጭ ጥብጣብ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። የፈራሁት ይህን ነው።

እሁድ፣ ኦገስት 10

ቦታው ላይ ቆምን፤ ቄሱና ኦቪድ ከኔ ጋር ናቸው። ከኋላ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ቄሱ ጸለዩ። ጉንጉኑን ጣልኩ።

አልሄደም። እዚያው ተኛ።

የጋዝ መርከቡ ጮኸ። እንደገና ጮኸ። ማዶ በድንኳኑ ጥላ ሥር ክራባት ያሰሩ የኩባንያው ሰዎች ተነሥተው ቆሙ።

የኦቪድ ስልክ ጠራ። አነሳው።

«እሺ ጌታዬ... አሁን ጌታዬ...» ወደኔ ዞረ። «ኮራሊ፣ በቃ። ጸሎቱ አልቋል።»

«ጉንጉኑ አልሄደም።»

«ለአበባ ብለሽ ልታስባርሪኝ ነው?»

«ወንድምህ ነው።»

ቄሱ፣ «ልጄ፣ ትንሽ ታገሥ» አሉት።

አልታገሠም። ከጀልባዋ መሪ ፊት ዞር አልኩለት። መንገድ ሰጠሁት... ቁልፉን አዞረ።

ያን ሁሉ ዝምታ የኛ ሞተር ብቻ ቀደደው። ጀልባዋ ወደፊት ዘለለች፣ ጉንጉኑ ከሥራችን ገባ። ፕሮፔለሩ በላው። ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ከኋላ ቅጠልና ነጭ ጨርቅ ብቅ አለ።

ኑማ ከኋላ ካለው ጀልባው ጮኾ፣ «ኦቪድ! በወንድምህ ላይ ሁለተኛህ ነው!»

ከየጀልባው ሰው ሁሉ ወደ ኦቪድ ዞረ። ሌላ ቃል አያስፈልግም ነበር።

ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። ጉንጉኑ እንደሚቀደድ ግን አላሰብኩም ነበር። ለምን አላሰብኩትም?

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ኩባንያው አሰናበተው። ቡና ቤት ሲገባ ሰው ወንበሩን ለቆ ይነሣል አሉ። መርከቡ ግን ሄዷል፣ ትንሽ ዘግይቶ። ሌላ መጥቷል።

እሁድ፣ ኦገስት 17

ጀልባዋን ከውሃ አውጥተን ፕሮፔለሩን በቢላ ሳጸዳ ዋልኩ። ጥብጣቡ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ጠንክሯል። በቁራጭ በቁራጭ ይወጣል፤ አንዱ ላይ የስሙ መጀመሪያ፣ ሌላው ላይ ምንም።

ኦቪድ መጣ። ኮፍያ የለውም። ራቅ ብሎ ቆመ።

«ልርዳሽ?»

ፕሮፔለሩን መፋቄን ቀጠልኩ።

«ቁልፉን ልትከለክዪኝ ትችዪ ነበር። ዞር አልሽልኝ።»

«አንተስ ስለ ሰንሰለቱ ልትነግረው ትችል ነበር።»

ዞረና ሄደ። ጀርባው የአልሲድ ጀርባ ነው፣ እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁትም? አልጠራሁትም። ነገም አልጠራውም።

ከጥብጣቡ የቀረው ከዘንጉ አልላቀቅ አለኝ። ተውኩት። ነገ ወቅቱ ይከፈታል፣ እንደዚያው ይዤው እወጣለሁ።

ማታ ከጀልባዋ ስወርድ ቁልፉን ነቀልኩ። ክር ፈልጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት።