ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚኖረው ደሜ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ሰውነትዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የደላው፣ እንቅልፍዎም እንደ እስካሁኑ በስልክ ጩኸት የማይቋረጥ እንዲሆን በመመኘት ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ የብረት በር ሠሪ ነኝ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ቫይረሱም ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል። ታላቅ እህቴም እንደኔው ናት። ክኒን ባለማሳለፍ ከእኔ የበለጠች ጎበዝ ነበረች፤ «ነበረች» ያልኩበትን ምክንያት ቅሬታዎቼ ያስረዳሉ።

አንደኛ፦ የዛሬ አሥራ አራት ወር አንድ ትሑት ተመራማሪ መድኃኒት ልንወስድ የመጣነውን ሰብስበው ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ አስረዱን። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ጎጂ ቅንጣቶችን ያበዛል፤ እነሱም አየርና እርጥበት ብረትን እንደሚበሉት ሴሎቻችንን ቀስ እያሉ ይበላሉ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ስለሚገታ ጉዳቱን ይቀንስ ይሆናል፤ አንዳንዱ ክኒን ደግሞ ከራሱ ጥቂት ይጨምር ይሆናል። ይህን ለመለየት ደማችሁ ይመርመር አሉን። ዕድሜዬን ከዝገት ጋር ስታገል ለኖርኩት ለእኔ ስለ ዝገት ማብራሪያ ስለተሰጠኝ ክብር ተሰማኝ። ሁለታችንም ፈርመን፣ ሦስት ጊዜ በባዶ ሆድ ተመላልሰን ደም ሰጠን። እኔ ቁጥር አርባ ሰባት፣ እህቴ አርባ ስምንት ተባልን። ውጤቱ በሁለት ወር ይነገራችኋል ተባለ። በየተራ ስለታደለን አንድ አንድ ብስኩት እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ ያልወረደ ምስጋና አለኝ።

ሁለተኛ፦ ውጤቱን ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር መዝገብ ቤቱ ወደ ላቦራቶሪ፣ ላቦራቶሪው ወደ ምርምር ክፍል፣ ምርምር ክፍሉም ወደ መዝገብ ቤት ልኮኛል። በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፦ እህቴ ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ይዛ የወጣችው «ክኒኑ ከራሱ ይጨምር ይሆናል» የምትለዋን ብቻ ነው። የአሥራ አራት ወር ዝምታ ሲታከልበት ነገሩ አለቀ። «ደህና ቢሆን ኖሮ ይነግሩን ነበር፤ ጉድ አግኝተው ነው የሚደባበቁት» ብላ ውጤቱ እስኪመጣ ክኒኗን አልውጥም አለች። መድኃኒት የምትሰጠን ነርስ ለመነቻት። እኔም ክኒኑ ከቆመ ቫይረሱ የሚያመጣው ዝገት እንደሚብስ ላስረዳ ብሞክር፣ «አንተ ስለ በር አውራ» ተባልኩ።

በዚህ መካከል ስለ በር የማወራበት ዕድል መጣ። ባለፈው ሳምንት የላቦራቶሪያችሁ በር ዝጎ አልዘጋ ስላለ እንድጠግነው ተጠራሁ። ማቀዝቀዣው በሩን ተደግፎ የቆመ በመሆኑ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዕቃውን አውጥታ ማቀዝቀዣውን ለመግፋት ከፈተችው። አርባ ሰባትና አርባ ስምንት በረዶ ለብሰው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእህቴ ጋር እንደዚያ ተስማምተን ከተቀመጥን ቆይተናልና ቀናሁ። የመመርመሪያው ኬሚካል እስካሁን ስላልተገዛ አንድም ብልቃጥ እንዳልተነካ ባለሙያዋ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ለካ የተደበቀ ነገር የለም፤ የታወቀም ነገር የለም።

በደስታ ሮጬ ለእህቴ ነገርኳት። «እኔን ለማጽናናት የማትፈጥረው የለም» ብላ አላመነችኝም። እሷ የምታምነው ማኅተም ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ኬሚካሉን እስኪገዙ ድረስ፣ «ደማችሁ ገና አልተመረመረም፤ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ማኅተም ያድርጉልን። እህቴ ማኅተሙን እየጠበቀች እስከ ዓርብ ለመዋጥ ቃል ገብታለች። የዛሬዋን ክኒን ጠዋት ፊቴ ቆማ፣ በግልምጫ ውጣታለች። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ለጊዜዎ ውድነት ከፍ ያለ አክብሮት ያለው፣ የራሱ ጊዜ ግን በክኒን የሚለካ፣

ቁጥር አርባ ሰባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የበሩ የዝገት መጠን በጽሑፍ ካልቀረበ ጥገናው አይጀመርም ብሎ ጽሕፈት ቤትዎ ስላዘዘኝ ለክቼ አስገብቼ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰልኝ። በሩ ባይጠይቀኝም፣ ነውር እንዳይሆንብኝ ውጤቱን አነበብኩለት።