ብሃክታፑርን አይቼ መጣሁ

ለምወድህ ልጄ ለሩፐሽ፣

ከዚያ ከአሸዋው አገር ሙቀት ጋር እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? ብረት ስታነሳ ያመመህ ቦታ ተሻለህ ወይ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሮብን በየጠዋቱ ፀሐይ ፍለጋ ሰገነት ላይ እንወጣለን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ሲፈልግ ይታዘዘኛል፣ ሲፈልግ ያኮርፈኛል። ልጅህ ሪቱ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሳቋ አምሮባታል።

በስልክ ዝም ያልኩህ መልስ አጥቼ አይደለም። አንተ ስልክ ላይ አታስጨርስም፤ ወረቀት ግን አፍ አፌን አይለኝም ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት። አጎትህ ታጅ ማን፣ የአባትህ ወንድም፣ ደውሎ «እናትህ ጂፕ ለብቻዋ ተኮናትራ ብሃክታፑርን ልትጎበኝ ሄደች፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ ታደርጋለች ወይ?» ብሎሃል። አንተም «እማዬ፣ ምን ነካሽ? የሰው አፍ አትፈሪም?» አልከኝ። እውነት ነው፣ ሄጃለሁ። ሁለት ቀን ቆይቼ ተመልሻለሁ፤ አልተጸጸትኩም።

ነገሩ ከየት እንደተነሳ አንተም ታውቀዋለህ። ሪቱ እንደ እኛ እንደ ኔዋር ሴት ልጆች ሁሉ፣ ሰው ከማግባቷ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሚቀጥለው ወር ቤል ለሚባለው የዛፍ ፍሬ በሥርዓት ትዳራለች። አንተ አባቷ እዚህ ስለሌለህ አጎትህ ተክቶህ ይድራታል፤ እሱስ ይሁን። ግን እኔን ሃርካ ማያን «ያን ቀን ላይ ቤት፣ ፎቁ ላይ ብትቆይ ይሻላል፤ የመበለት ዓይን ለሙሽራ አይበጅም» አለ። አንተም «ለአንድ ቀን ነው፣ ቻይው እማዬ» ብለህ አጸደቅህለት። ያን ዕለት አልቅሻለሁ፣ ልጄ። ካንተ መምጣቱ ነው ያስለቀሰኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋትን ልጅ በሠርጓ ቀን በመስኮት ልያት?

ጥፋቱ የእኔም ነው። አባትህ ሲሞት ሴቶቹ ዶቃዬን ሲያወልቁ፣ ከግንባሬ ቀዩን ቀለም ሲጠርጉ ዝም አልኩ። የሐዘኑ ዓመት ካለፈ በኋላም የመበለቷን ነጭ ልብስ አልቀየርኩም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ነውና፣ ዝምታዬን ሲያዩ ጊዜ ከልጅ ልጄ ሠርግ ሊያስቀሩኝ ቃጣቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሾፌሩን መንጋልን አስጠራሁት። «እማማ፣ ሌላ ሰው እስኪሞላ እንጠብቅ?» ቢለኝ «እኔ ሞልቻለሁ፣ ንዳው» አልኩት። ጠመዝማዛውን መንገድ ሙሉ እየደጋገመ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ብሃክታፑር ስንደርስ መጀመሪያ ያቀናሁት ወደዚያ ባለ አምስት ጣሪያው ቤተ መቅደስ ነው። መንጋል ደረጃውንና ጉልበቴን አስተያይቶ «ከታች ሆነሽ ብታዪውስ? ያው ነው እኮ» አለኝ። ከታች ሆኜ ማየት ሰልችቶኝ ነው የመጣሁት አልኩት። በደረጃው ዳርና ዳር ከቆሙት የትግል ገጣሚዎች ሐውልት ጀምሬ፣ በድንጋይ ዝሆኖቹና በአንበሶቹ መሃል እያረፍኩ ወጣሁ። ላይ ተቀምጬ አደባባዩን ሳይ ማንም «ሻይ አፍልተሻል?» የሚለኝ አልነበረም። ወርጄ በሸክላ ጎድጓዳ የሚሸጠውን እርጎ በላሁ፤ ደገምኩም።

በሁለተኛው ቀን ሸክላ ሠሪዎቹ ማሰሮ በሚያሰጡበት አደባባይ በኩል ሳልፍ ከበሮ ሰማሁ። ተከትዬው ብገባ ግቢው በትናንሽ ሙሽሮች ሞልቷል። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ቀይ ለብሰው፣ እንደ ቅል የጠነከረውን ፍሬ በሁለት እጃቸው አቅፈው ተደርድረዋል። አንዷ እንቅልፍ ጥሏታል። ዳር ላይ ቆምኩ፤ ዓይኔ የሚጎዳቸው መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አየህ፣ ምን አድርጋችሁኝ እንደነበር?

አጠገቤ ናኒ ሾባ የምትባል አሮጊት ነበረች። የእኛን ሴቶች የበዓል ልብስ፣ ቀይ ጥለት ያለውን ጥቁር ለብሳ ግንባሯን ቀይ ተቀብታለች። «ምነው እህቴ፣ በሠርግ ቤት ነጭ?» አለችኝ። ባሌ ሞቶ ነው አልኳት። «በልጅነትሽ ቤል አላገባሽም እንዴ?» «አግብቻለሁ።» «ታዲያ ምኑን ነው መበለት የሆንሽው? የኔም ሰውዬ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው። ደግ ሰው ነበር፣ አልቅሼ ሸኘሁት። ፊት የተዳርነው ግን ለአምላክ ነው፤ አምላክ ደግሞ መቼ ይሞታል? እናቶቻችን ለጨዋታ የዳሩን መሰለሽ?» አለችኝ። ከዚያም ሳታስፈቅደኝ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ግንባሬን ቀባችኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ ሙሽሮቹን አየኋቸው።

እዚያው ቀይ ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ ገዝቼ ለብሼው መጣሁ። አጎትህ በር ላይ ተቀብሎ «ልማዳችንን አዋረድሽው» አለኝ። «የማንን ልማድ?» አልኩት። «አንተ የምትለው ከሰው ደጅ የተዋስከውን ነው። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስመጣ እናትህ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ቀይ ለብሳ፣ እንደ ወጋችን የቤቱን ቁልፍ ጫፍ አስይዛ እየመራች ያስገባችኝ እሷ ናት። አንተም እዚያው ቆመህ ታይ ነበር» አልኩት። ጢሙን እያሻሸ ገባ።

ሚስትህ ሱናይና ትናፍቅሃለች፤ የልብሴን ጫፍ የቀመቀመችልኝ እሷ ናት፣ እንዳትቆጣት። ሪቱ «አባዬ ጥርሴን አይጥ ወሰደችው በይልኝ» ብላሃለች። መንጋልም ሰላም ይልሃል። አጎትህ ሰላምታ አልላከም፤ ሲበርድለት ይልካል።

እንግዲህ ይህን የጻፍኩልህ ፈቃድ ልጠይቅህ አይደለም፣ እንድታውቀው ነው። በሚቀጥለው ወር፣ ፋልጉን አሥር ቀን፣ በሠርጉ ሥርዓት ቢጫውን ክር ከራሷ እስከ እግር ጣቷ መቶ ስምንት ጊዜ ሲለኩላት ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ። አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ። ያን ቀን የምትደውል ከሆነም እኔን ፍለጋ ወደ ላይ ቤት ሰው አታስወጣ፤ ሙሽራዋን ጥራ፣ ከጎኗ ነኝ።

እናትህ ሃርካ ማያ
ዶላካ፣ በእኛ አቆጣጠር ማግ 18 ቀን 2080