በሰሌዳው ላይ የጎደለው መፍቻ

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 1979፣ ጊንጪ

ይህ ጃፓናዊ ያሳብደኛል። ዛሬም ማለዳ አሰልፎ ስፖርት አሠራን፤ «ኢች፣ ኒ፣ ሳን» እያለ በአገሩ ቋንቋ እየቆጠረ። ወደ ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው ሳቁብን። የአሥራ አንድ ዓመት ልምድ ያለኝ መካኒክ ነኝ እኮ!

ሚስተር ሞሪ ከመጣ ወር ሞላው። ከአምቦ የመጣነው ለገበሬ ማኅበሩ የውሃ ጉድጓድ ቆፍረን ፓምፕ ልናወርድ ነው። እሱ አለቃ፣ እኔ መካኒክና የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ። ድንኳኑ በር ላይ ጫማ ያስወልቃል። ሾርባውን ፉት ሲል ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ ያን ሰሌዳ ግን! የእያንዳንዱን መፍቻ ቅርጽ ጣውላ ላይ በቀለም ስሎታል። ማታ አንዱ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሌባ አደረገን።

ማክሰኞ 16

እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥሩ መፍቻ ከእጄ አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ማንም አላየም። እሱ ፊት «ጣልኩት» ከማለት ሞት ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰሌዳው አሳበቀ። ሞሪ ባዶውን ቅርጽ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና መፍቻው ካልተገኘ ፓምፑ አይወርድም አለ። ተረጎምኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር «አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዓይኑ ዘበኛው ኦቦ ቶለሳ ላይ ዐረፈ። ሽማግሌው ትናንት ቆልማማ ሚስማር ለምነው ወስደው ነበር፤ በቃ፣ አሰሯቸው። እኔ ቆሜ አየሁ።

ረቡዕ 17

ሞሪን ስረግም ዋልኩ። ሰሌዳው ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ገበያ ሄጄ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ገዝቼ ሰቀልኩ። ሞሪ ቅርጹ ላይ ለካው። የአዲሱ መፍቻ አንገት ወፍሮ ከመስመሩ ወጣ። መፍቻውን መለሰልኝ። ያኔ እንዳወቀብኝ ገባኝ። ጫማዬን አውልቄ ድንኳኑ ገባሁና ነገርኩት። ጩኸት ስጠብቅ «ስንት ሰዓት ላይ ጣልከው?» ብቻ አለኝ።

ሐሙስ 18

ማለዳ ሞሪ ሰው አሰብስቦ ኦቦ ቶለሳን ከታሰሩበት አስጠራ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወገቡን አጥፎ አጎነበሰ፣ ቶሎም ቀና አላለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው በላቸው» አለኝ። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ!

በእነሱ አገር ሠራተኛ ሲያጠፋ ይቅርታ የሚጠይቀው አለቃው ነው አለኝ በኋላ። እዚህ ግን ያጎነበሰ ያጠፋ ነው። ሁለት ሌሊት ባዶ መሬት ላይ ያደሩት ሽማግሌ ተፈቱ፤ ወገባቸውን ይዘው መጡና የሞሪ ጫማ ላይ ተፉ። አልጠረገውም።

ምናለ በጥፊ ቢለኝ! ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ጠላሁት።

ዓርብ 19

ማግኔት በገመድ ሰድደን መፍቻውን አወጣነው። ፓምፑ ወረደ። ውሃ ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ኦቦ ቶለሳ ሁላችንንም ጨበጡን፤ የሞሪን እጅ ግን አልፈውት ሄዱ።

ተከተልኳቸው። «ኦቦ ቶለሳ፣ መፍቻውን የጣልኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

«ዱጋ?» አሉኝ፤ እውነት?

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ንጹሕ ሰው ላይ አስተፋኸኝ» አሉ።

አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ሞሪ ድንኳን ተመለሱ። በሩ ላይ ጎንበስ አሉና በረባሷቸውን አውልቀው ገቡ።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ያለ አስተርጓሚ ምን እንደተባባሉ እንጃ።