ማስቲሹ አልጮኸምና ስጋት የለውም ስለተባልነው

ለተከበሩ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ ሰፋፊ መስኮቶች እንዳሉት ሰምቻለሁና በእርስዎ በኩል ብዙም አልሰጋም። እኔ በጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል በማስቲሽ የማጣብቅ ሠራተኛ ነኝ። ታላቅ እህቴም እዚያው አጠገቤ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጽሕፈት ቤትዎ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የእህቴ ጣቶች መደንዘዝ ጀምረው፣ ቆይቶም ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ መቅረቱን ሳታውቅ ደረጃ መውረድ ስትጀምር አቤት ብንል፣ በአምስተኛው ወር ተቆጣጣሪ ስለላኩልን እናመሰግናለን።

፪. ተቆጣጣሪው ትሑት ሰው ነበሩ። መስኮት የሌለውን ክፍላችንን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ የድምፅ መለኪያ አውጥተው ከማስቲሹ ባልዲ አናት ላይ ያዙት። ማስቲሽ መቼም ሰው ሲጎዳ አይጮህም፤ ቁጥሩ ዝቅ አለ። እህቴ፣ «ጌታዬ፣ እኛን የያዘን ሽታው እንጂ ጩኸት አይደለም» ብትላቸው፣ «አየሩን የሚለካው ስስ ዕቃ ነው የኔ እህት፤ እንዳይበላሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል» አሏት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። የመሣሪያውን ደህንነት በመስማታችን ግን ተጽናንተናል።

፫. ቅጹም የሚደነቅ ነው። ስለ አቧራ፣ ስለ ጩኸት፣ ስለሚያዳልጥ ወለል ይጠይቃል፤ ስለ ትነት ግን አንዲት መስመር የለውም። እህቴ ባልዲው ላይ የተለጠፈውን የአደጋ ምልክት ብታሳያቸው የሚጽፉበት ቦታ አጡና፣ «ሌላ» ከሚለው ሥር «ሠራተኞቹ ተባባሪ ናቸው» ብለው አሰፈሩ። ውጤት፦ ስጋቱ ዝቅተኛ።

፬. አለቃችን ያንን ወረቀት እንዳዩ ሊያስገጥሙ አስበውት የነበረውን አየር ማውጫ ተዉት። እህቴን ያዩዋት ሐኪም ነርቯ መጎዳቱን ነግረው ከክፍሉ እንድትወጣ መክረዋት ነበር፤ ሁለት ልጆች ይዛ ወዴት ትውጣ? ባለፈው ወር ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። ተሸክመን አወጣናት። ይድናል ወይ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። ዛሬ የልብሷን ቁልፍ የምትቆልፍላት ልጇ ናት።

፭. ከሰሞኑ የእኔንም ቀኝ እጅ መደንዘዝ ጀማምሮታል። ሌላ ሥራ ፈልጌ አጣሁ። ዳግም ተቆጣጣሪ ይላኩልን አልልም፤ ደግሞ ሜትር ይዘው መጥተው ቁመታችሁ ደህና ነው እንዳይሉን።

ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደህና እጅ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ የማስቲሽ ክፍል ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ያስገባችው የካሳ ማመልከቻ «አመልካች በገዛ እጃቸው አልፈረሙም» ተብሎ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ ተመልሶልናል። ብዕር ሦስት ጊዜ አስያዝኳት፤ ሦስቴም ወደቀ። በአራተኛው እኔው ፈረምኩላት። ማጭበርበር ነው ካሉ ሰው ልከው ያስወስዱኝ፤ ለዚህ ለዚህስ ጽሕፈት ቤትዎ እንደማይዘገይ አምናለሁ።